ትንሹ የገንዘብ ተቋም በምን ይታወቅ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬ ከ30 በላይ ባንኮች አሉ። ከቦሌ ተነስቶ በመገናኛ በኩል ወደ ሲኤምሲ የሚጓዝ ሰው ስማቸውን በየሕንፃው አናትና በየመንገዱ ዳር ሲያነብ ይሄዳል። ቴሌቪዥን ሲከፍትም የቆጣቢዎች ዕጣ ይጠብቀዋል፤ መኪና፣ ባጃጅ፣ ስልክ። አንድ የማይክሮ ፋይናንስ ቅርንጫፍ፣ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ መርካቶ ሕንፃ ላይ አንዲት ክፍል የተከራየ የሒሳብና የታክስ አማካሪ ወይም አንድ የመድን ወኪል ራሱን ለማስተዋወቅ ሲነሣ ቀድሞ የሚታየው ይኸው የትልልቆቹ መንገድ ነው። ባነር ያሠራል፣ በራሪ ወረቀት ያሳትማል፣ ለአዲስ ዓመት ካሌንደር ያድላል፣ በበዓል ቀን ፌስቡክ ላይ የመልካም ምኞት ካርድ ይለጥፋል። ለማስታወቂያ የተያዘው ገንዘብ ቶሎ ያልቃል፤ የደንበኛው ቁጥር ግን ያው ነው።

ችግሩ የበጀት ማነስ ብቻ አይደለም። ጫማ የሚገዛ ሰው ዕቃውን አገላብጦ ያየዋል፣ ለክቶም ይሞክረዋል። ብድር የሚወስድ፣ መድን የሚገባ ወይም ግብሩን ሌላ ሰው እንዲያሰላለት የሚሰጥ ሰው ግን የሚገዛውን ነገር አስቀድሞ ማየት አይችልም። ጥሩነቱና መጥፎነቱ የሚገለጥለት ከወራት በኋላ፣ ያውም ብዙ ጊዜ ችግር ሲደርስ ነው። ስለዚህ ከዋጋው በፊት የሚፈልገው እምነት ነው። ትልቁ ባንክ ይህን እምነት በሕንፃው፣ በዕድሜውና በቅርንጫፉ ብዛት ያገኘዋል። ትንሹ ተቋም እነዚህ የሉትም። ትልቁ የማያደርገውን ግን ማድረግ ይችላል፤ ደንበኛው ያልገባውን ነገር በሚገባው ቋንቋ፣ በቁጥር አስደግፎ፣ ምንም ሳይደብቅ ጽፎ ማስረዳት። ለአነስተኛ የገንዘብ ተቋም ከዚህ የሚሻል ማስታወቂያ የለም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1929 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከወደቀ በኋላ ተራው አሜሪካዊ ቆጣቢ የዎል ስትሪት ደላሎችን ዓይን ማየት አስጠልቶት ነበር። ቻርልስ ሜሪል እ.ኤ.አ. በ1940 ወደ ደላላነቱ ሥራ ተመልሶ ድርጅቱን ሜሪል ሊንችን እንደገና ሲያቋቁም ይህን ጥላቻ ሊያለዝቡ ይችላሉ ያላቸውን እርምጃዎች ወሰደ። ለሠራተኞቹ በኮሚሽን ፋንታ ደመወዝ መክፈል ጀመረ፤ ሕግ ሳያስገድደውም የድርጅቱን ዓመታዊ ሒሳብ ለሕዝብ አሳተመ። ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 1948፣ ሜሪል ሊንች በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ሙሉ ገጽ ገዝቶ ከላይ እስከ ታች በጽሑፍ ሞላው። ከ6,000 ቃላት በላይ ነበር። ጸሐፊው ሉዊስ ኤንግል ቀድሞ የመጽሔት አዘጋጅ የነበረ ሰው ነው። አክሲዮን ምንድን ነው፣ ቦንድ ከእሱ በምን ይለያል፣ ዋጋ ለምን ይወጣል ይወርዳል፣ ደላላው ስንት ያስከፍላል የሚሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መለሰ። ይህን ሁሉ ማን ያነባል የተባለው ማስታወቂያ ሠራ። ማብራሪያው በቡክሌት መልክ እንዲላክላቸው የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በሺዎች ጎረፉ፤ ጽሑፉም በተለያዩ ጋዜጦች ለዓመታት ደጋግሞ ታተመ።

ሜሪል ሊንች በዚያን ጊዜም ቢሆን ትልቅ ድርጅት ነበር፤ የአንድ ሙሉ ገጽ ዋጋ አያስጨንቀውም። ለትንሹ ይበልጥ የሚቀርበው የአሜሪካዊው ባለሀብት የዋረን ባፌት ጅማሬ ነው። ባፌት እ.ኤ.አ. በ1956 በኦማሃ ከተማ የመጀመሪያውን የኢንቨስትመንት ሽርክና ሲያቋቁም አብረውት የገቡት ሰባት ዘመዶችና ወዳጆች ብቻ ነበሩ። ያዋጡት 105,000 ዶላር ነው፤ እሱ ራሱ 100 ዶላር ጨመረበት። ቢሮው መኖሪያ ቤቱ ነበር። ማስታወቂያ አላስነገረም። ለሸሪኮቹ ግን በየዓመቱ ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤው ሥራው በምን እንደሚለካ፣ የራሱ ድርሻ እንዴት እንደሚሰላ፣ ምን ቃል ሊገባ እንደማይችል በግልጽ ያስቀምጣል። ጥሩ ውጤት ባስመዘገበበት ዓመትም መጥፎ ዓመት መምጣቱ እንደማይቀር ያስጠነቅቃል። እ.ኤ.አ. በ1969 ሽርክናውን ለመዝጋት ከወሰነ በኋላ እንኳ፣ በፌብሩዋሪ 1970 በጻፈው ረጅም ደብዳቤ፣ ከግብር ነፃ የሆኑ የማዘጋጃ ቤት ቦንዶች እንዴት እንደሚሠሩ ከሀ እስከ ፐ አስረድቷል። ከእንግዲህ አንድም ኮሚሽን ለማያገኝባቸው ሰዎች መሆኑ ነው። ያ ሰው በኋላ የሚሊዮኖችን ገንዘብ በአደራ መረከቡ አይገርምም። የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1998 ኩባንያዎች በቀላል ቋንቋ እንዲጽፉ የሚረዳ መመሪያ ሲያወጣ መቅድሙን የጻፈው ባፌት ነው። በመቅድሙም ሲጽፍ የሚያስባቸው እህቶቹን ዶሪስንና በርቲን እንደሆነ ይናገራል፤ ብልህ ናቸው፣ የሒሳብ ባለሙያዎች ግን አይደሉም።

ከባፌት ግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላም የሆነው ተመሳሳይ ነው። ቲም ቼን እ.ኤ.አ. በ2008 የገንዘብ ቀውስ ሥራውን ያጣ ወጣት ነበር። እህቱ ውጭ አገር ስትጠቀምበት ብዙ የማያስከፍል የክሬዲት ካርድ እንዲመርጥላት ጠየቀችው። መልሱን ሲፈልግ ካርዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያወዳድር እንዳልነበረ ተረዳ። ሠንጠረዥ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በ800 ዶላር ኔርድዋሌት የተባለውን ኩባንያ ጀመረ፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2021 ናስዳክ በተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ላይ ተመዘገበ። የመነሻ ካፒታሉ በእርግጥ የአንዲት ሴት ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል።

ኢትዮጵያም ለዚህ ባዳ አይደለችም። የማይክሮ ፋይናንስ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 40/1988 ሕጋዊ መሠረት ሲይዝ የብድር ሠራተኞች የሚሄዱት ወደ ቀበሌና ወደ ገበሬው መንደር ነበር። ገንዘብ ከመሰጠቱ በፊት ተበዳሪዎች በቡድን ይሰበሰባሉ፤ አንዱ ባይከፍል ሌሎቹ ምን እንደሚደርስባቸው፣ ቁጠባው ለምን እንደሚያዝ፣ ክፍያው መቼ እንደሚጀምር ይነገራቸዋል። የአማራና የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋማት፣ በኋላ ፀደይ ባንክና ሲንቄ ባንክ የሆኑት፣ በዚህ መንገድ ነው በገጠር የታወቁት። ዛሬ ግን ብድር ስልክ ውስጥ ገብቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ፤ በ2014 መጨረሻ ገደማም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ መላ፣ እንደኪሴና ሳንዱቅ የተባሉ የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶችን አቀረበ። ኤምፔሳም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተከተለ። በፍጥነት ከእነዚህ ጋር የሚወዳደር ትንሽ ተቋም የለም። ተቀምጦ በማስረዳት ግን ሊበልጣቸው ይችላል።

ምን ያስረዳ? ከብድር እንጀምር። «ወለዱ በስንት ነው?» ከሚለው የተበዳሪ ጥያቄ ይልቅ «ወለዱ በምን ላይ ይሰላል?» የሚለው ይበልጣል፤ ይህን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አንዲት ነጋዴ 100,000 ብር ለ12 ወር በ18 በመቶ ተበደረች እንበል። የባንክ ሠራተኞች ፍላት በሚሉት አሠራር ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው በሙሉው 100,000 ብር ላይ ይታሰባል። የዓመቱ ወለድ 18,000 ብር፣ የወር ክፍያዋ 9,833 ብር ይሆናል። ዲክላይኒንግ በሚሉት ደግሞ ወለዱ የሚታሰበው በየወሩ በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ ነው። የወር ክፍያዋ ወደ 9,168 ብር ይወርዳል፤ የዓመቱ ወለድም 10,000 ብር ገደማ ይሆናል። በፍላት የሚያሰላውም በዲክላይኒንግ የሚያሰላውም ቢሮ በሩ ላይ «18 በመቶ» ብሎ ለጥፏል። ልዩነቱ ግን ወደ 8,000 ብር ነው። ምክንያቱም ነጋዴዋ በስድስተኛው ወር ግማሹን ዕዳ ከፍላለች፤ በፍላት ግን እጇ ላይ ለሌለው ገንዘብም ወለድ እየከፈለች ነው። ፍላት 18 በመቶ በቀሪ ዕዳ ሒሳብ ሲተረጎም 32 በመቶ ያህል ነው። በዚያ ላይ 2 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ከብድሩ ላይ ከተቆረጠ እጇ የሚገባው 98,000 ብር፣ ወለድ የምትከፍልበት ግን 100,000 ነው።

ይህን ስሌት በአንድ ገጽ በግልጽ አማርኛ ጽፎ በቴሌግራም የሚያሠራጭ፣ በቅርንጫፉ ግድግዳም የሚለጥፍ ተቋም፣ ከሦስት ወር ባነር የበለጠ ሥራ ሠርቷል። ገጹ ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ የዕቁብ ሰብሳቢው ያነበዋል፤ አንብቦ ሲጨርስም «እናንተ ግን የምታሰሉት በየትኛው ነው?» ብሎ ይደውላል።

መድን ላይ ያለው ክፍተት ከዚህም ይከፋል። ለመኪናው የሦስተኛ ወገን መድን ስላለው ብቻ የራሱ መኪና ሲጎዳ የሚጠገንለት የሚመስለው ሾፌር ብዙ ነው፤ ያ መድን የሚሸፍነው እሱ በሌላ ሰው ላይ ያደረሰውን ጉዳት መሆኑን የሚያውቀው ከአደጋው በኋላ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቷል። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወራት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ፤ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ። በብዙ የንብረት መድን ውሎች ውስጥ ንብረቱ ከዋጋው በታች ከተመዘገበ ካሳውም በዚያው መጠን ይቀነሳል የሚል አንቀጽ አለ። ዛሬ 3 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በድሮው ዋጋ፣ በ1.5 ሚሊዮን ብር፣ መድን ገብቶ ከሆነ፣ 400,000 ብር ጉዳት ሲደርስበት ባለቤቱ የሚያገኘው 200,000 ብር ነው። ይህን ከአደጋው በፊት ለደንበኛው የነገረ ወኪል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ውሉን ለማሳደስ ደጅ መጥናት አይኖርበትም።

ለሒሳብና ለታክስ ቢሮዎችም ርዕስ አይጠፋም። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገ። 10,000 ብር ደመወዝ ያለው ሠራተኛ በወር ይቆረጥበት የነበረው 2,045 ብር ወደ 1,650 ብር ወረደ። የግብር ከፋዮች ደረጃም ከሦስት ወደ ሁለት ዝቅ አለ፤ መለያውም የ2 ሚሊዮን ብር ዓመታዊ ሽያጭ ሆነ። አዋጁን ሙሉውን አንብቦ የሚረዳ ባለሱቅ ጥቂት ነው። «እኔ ከየትኛው ነኝ? መዝገብ መያዝ አለብኝ ወይስ የለብኝም?» ብሎ ግን ሁሉም ይጠይቃል። ይህን በአራት አንቀጽ የመለሰ ቢሮ፣ ባለሱቁ ግብር ሊያሳውቅ ሲነሣ ስሙ ቀድሞ የሚታወስ ይሆናል።

ባሕር ማዶ ባሉ የአማርኛ ተናጋሪ ማኅበረሰቦችም ጉዳዩ ይህንኑ ይመስላል። በዋሽንግተንና በአካባቢው ኢትዮጵያውያን የከፈቷቸው የታክስ ማዘጋጃ ቢሮዎች፣ የመድን ወኪሎችና የገንዘብ ማስተላለፊያ ሱቆች አሉ። አብዛኞቹ የሚተዋወቁት በስልክ ቁጥርና በፎቶግራፍ ነው። ደንበኞቻቸው የሚፈልጉት መረጃ ግን ከዚህ የራቀ ነው። የአሜሪካ ነዋሪ ሆኖ አዲስ አበባ ባንክ ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው፣ ውጭ አገር ያሉት ሒሳቦቹ በዓመቱ ውስጥ በአንድ ጊዜ በድምሩ ከ10,000 ዶላር ካለፉ፣ ኤፍባር የተባለውን ቅጽ የመሙላት ግዴታ አለበት። ግብር ባይኖርበትም እንኳ አለመሙላቱ ብርቱ ቅጣት ያስከትላል። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደርና በመሰል መንገድ ተከፍሎ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ የ1 በመቶ ታክስ ተጥሏል፤ ከባንክ ሒሳብ ወይም አሜሪካ ውስጥ በተሰጠ ካርድ ተከፍሎ ሲላክ ግን ታክሱ የለም። በየወሩ ለእናቷ 300 ዶላር የምትልክ ሴት ይህን በአማርኛ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። የነገራትን ቢሮ ስም ለእህቷም፣ ለሥራ ባልደረባዋም ታነሣለች።

አሠራሩ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ሥርዓት ግን ይጠይቃል። ርዕሱ ከአለቃው ጭንቅላት አይመነጭም፤ ከመስኮቱ ይመጣል። ደንበኛን ፊት ለፊት የምታስተናግደው ሠራተኛ በሳምንቱ የተጠየቀችውን በደብተር ትያዝ፤ ከሁሉ በላይ የተደጋገመው ጥያቄ የሚቀጥለው ሳምንት ጽሑፍ ይሆናል። ጽሑፉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልስ፤ በብር የተሠራ አንድ ምሳሌ ይኑረው፤ የተጻፈበት ቀንም ከላይ ይቀመጥ፤ የወለድ ተመንና የግብር ሕግ ይለወጣሉና። ሕጉ ሲቀየር የድሮው ጽሑፍ ይታረም፣ የተለወጠውም ነገር ይነገር። ለማያነቡ ደንበኞች ያንኑ ጽሑፍ አንድ ሠራተኛ በድምፅ አንብቦ መላክ ይችላል። በሳምንት አንድ ጊዜ ያለማቋረጥ የሚወጣ አጭር ማብራሪያ፣ በዓመት አንዴ በሆቴል አዳራሽ ከሚደረግ ደማቅ ዝግጅት ይልቅ ብዙ ሰው ዘንድ ይደርሳል።

መጠንቀቅ የሚገባቸው ድንበሮችም አሉ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሕዝብን የሚያሳስት ማስታወቂያ ይከለክላል፤ ማብራሪያ መስሎ የቀረበ ሽያጭ ከዚህ አያመልጥም። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ ወዲህ የኢንቨስትመንት ምክር መስጠት ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ስለዚህ የሒሳብ ቢሮ አክሲዮን ምን እንደሆነ ቢያስረዳ መልካም ነው፤ «የእገሌን አክሲዮን ግዙ» ማለት ግን የእሱ ሥራ አይደለም። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ደግሞ የደንበኛን ታሪክ ያለ ፈቃዱ ለማስታወቂያ መጠቀምን አደገኛ ያደርገዋል። «ከእኛ ተበድራ ሀብታም ሆነች» ተብሎ ፎቶዋ የተለጠፈ ሴት ዕዳዋ በሰፈሩ ሁሉ ታወቀ ማለት ነው። ምሳሌው በቁጥር ይሠራ፤ ሰው አያስፈልገውም።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይሰማሉ። አንደኛው «ሁሉን ካስረዳነው ደንበኛው ራሱ ይሠራዋል፣ ተፎካካሪም ይቀዳዋል» የሚል ነው። ግብሩን ራሱ መሥራት የሚችል ሰው መጀመሪያም የቢሮው ደንበኛ አልነበረም። ማብራሪያ አንብቦ የሚመጣው የሥራውን ውስብስብነት የተረዳ ሰው ነው፤ ለሥራው የሚከፈለው ገንዘብ ለምን እንደሆነም ያውቃል። ተፎካካሪው ጽሑፉን ሊቀዳ ይችላል፤ በየሳምንቱ ከመስኮቱ የሚመጣውን ጥያቄ ግን ሊቀዳ አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጮክ ተብሎ አይነገርም። አንዳንድ ተቋማት ማስረዳት የማይፈልጉት ሒሳባቸው ሲብራራ ስለማያምር ነው። በፍላት እያሰላ፣ የአገልግሎት ክፍያና የግዴታ ቁጠባ እየቆረጠ፣ በር ላይ ግን ዝቅተኛ መቶኛ የለጠፈ ተቋም ያን ገጽ መጻፍ አይችልም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ዋጋና የውል ሁኔታ ለደንበኛው በግልጽ እንዲነገር ያዝዛል። ስለዚህ ይህን ማድረግ በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም። ሰው በድካሙ ያገኘውን ገንዘብ በማያውቀው ስሌት ማጣቱ ትልቅ በደል ነው። ይህን በደል ለማስቆም ግን ተቆጣጣሪውን ብቻ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ ትንሽ ተቋም ስሌቱን በግልጽ ሲያወጣ አጠገቡ ያለውም ለመናገር ይገደዳል።

የኢትዮጵያ ማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ማኅበር አባላቱ ሁሉ የሚሞሉት አንድ ወጥ የብድር ዋጋ ገጽ ቢያዘጋጅ፣ ተበዳሪዋ የሁለት ተቋማትን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ ማወዳደር ትችላለች። የቁጠባና ብድር ማኅበራትም ይህንኑ በጠቅላላ ጉባኤያቸው መወሰን ይችላሉ። እስከዚያ ድረስ ማንም ቅርንጫፍ ነገ ጠዋት ሊጽፈው የሚችል ገጽ አለ። የብድሩ መጠን 100,000 ብር፣ ጊዜው 12 ወር፣ የወር ክፍያው ይህን ያህል፣ ጠቅላላ ወለዱ ይህን ያህል፣ ከዚህ ውጭ የሚቆረጠው ይህን ያህል፤ ከሥሩም የሠራተኛው ስልክና ጥያቄ የሚቀበልበት ሰዓት።